ጭቃው ይቆይ

ጉልበቱ ሲከዳው ኦልድሪህ፣ ሞተሩን ጎተራ አቆመ፤
ሦስት ዓመት ዶሮ አደረበት፤ ካቴናው በዝገት ታመመ።
ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ እግሩ መቃ፣ ቀጭን ወገብ፣
በሞራቪያ ጉብታ ላይ ዘሎ ዘሎ የማይጠግብ።

እኔ የቶርኖው ሰው ነኝ። ቤቴ ከአጥራቸው ማዶ።
ብረት ሲጮህ ከሰማሁ፣ እግሬ ይቀድመኛል ሄዶ።

ልጁ ሊቡሼ መጣች፣ አንድ ቅዳሜ፣ በጥቅምት ብርድ፤
ዶሮዎቹን አባረረች። «አባባ፣ ይሄን ለአስፋልት ላርድ?»
«ፍየል መሰለሽ?» አላት። ግን የመፍቻ ሣጥኑን በእግሩ
ገፋ አደረገላት፣
በደኅናው እግሩ።

መጀመሪያ ቁመቱን አሳጠርነው። የፊቱን ሹካ ፈታን፣
ሞላው እንዳይዘረጋ አራት ጣት ቱቦ ውስጡ ከተትን፣
ዘይቱን ወፈር አደረግን። ለዝላይ የተሠራ ጉልበት
መዝለል ተከለከለ፤ ማጎንበስ ብቻ ቀረለት።
ኦልድሪህ ይህን ሲሰማ የራሱን ጉልበት ዳሰሰ፤
ቢራውን አነሳ፣ መለሰ፣ ደግሞ አንስቶ ቀመሰ።

ቸርኬዎቹን አወለቅን፤ ራጂያቸው የሸረሪት ድር።
ሊቡሼ ከተጋጨ የከተማ ሞተር ሰፋፊ ጥንድ ገዝታ ነበር፤
ዘንጉና ቸርኬው ግን በስድስት ሚሊሜትር ተጣሉ።
ሁለት ሌሊት ቶርኖዬ ላይ ቆምኩ፣ ቡሽ ላጥኩ እስኪታረቁ።
የመጀመሪያውን አበላሸሁት።
(መነጽሬ የሟች ወንድሜ ነው፤ አያሳይም ከሩቁ፣
ከቅርቡም።)

ጎማው ጥርስ የለው፣ ልሙጥ፣ የሕፃን ድድ ይመስላል፤
«ሲሞቅ ታየዋለህ» አለች፤ «አስፋልቱን እንደ ጡት ይጠባል።»
የበሬ ቀንድ የመሰለውን መሪ ቆርጣ ሁለት ጉማጅ አሰረች፣
ሞከረችው፤ ደረቷን ታንኩ ላይ አስተኛች።
ለማቆሚያው የሚሆን ጆሮ ከኋላው ሹካ በየድኩ።
የዘይቱን ብሎን በስቼ በቀጭን ሽቦ ሰፋሁት፤
አስፋልት ላይ የፈሰሰች ጠብታ የሌላ ሰው አጥንት ናት።

መጋቢት ላይ ተነሳ። ዱብ። ዝም። ዱብ ዱብ። ዝም።
ባለ አራቱ ያፏጫል፤ ይሄ በር ያንኳኳል፣ ማንኳኳቱን አይተውም።
ዶሮዎቹ እስከ ማታ አልተመለሱም።

በውድድሩ ቀን ተቆጣጣሪው ሃቬልካ መጣ፣ ፊቱ ቋጠሮ፤
ከኋላው ሹካ ሥር ጫረና ቀና አለ፣ ጥፍሩን መርምሮ።
«ይሄ ምንድነው?» የደረቀ ጭቃ፣ ከብረቱ የተዋሐደ፣
የስንት ኮረብታ ጭቃ፣ በሞተር ሙቀት የነደደ።
«የሚወድቅ ነገር ወደ ሜዳ አይገባም» ብሎ በመዶሻ መታው።
አልወደቀም። ደግሞ መታው።
ኦልድሪህ ምርኩዙን ተደግፎ ወደ ሌላ ወገን ያያል።
«ጭቃው ይቆይ» አለ ሃቬልካ፤ «ከብየዳችሁ ይሻላል።»

(ብየዳው የእኔ ነበር።)

በቀጥታው ላይ ትልልቆቹ እየጮሁ አለፏት፤
እንደ ቆመች ቆጠሯት።
ኩርባው ጋ ግን እነሱ ፍሬን ሲይዙ እሷ ገና አልያዘችም፤
አሁንም አልያዘችም፤
ትንፋሼን ዋጥኩ፤
ጉልበቷ አስፋልት ልሶ በውስጥ በኩል ሾልካ ወጣች።
ቀጥታው ሲመጣ ወሰዱባት፤ ኩርባው ሲመጣ አስመለሰች።
ከአሥራ ዘጠኝ አሥራ አንደኛ። ዋንጫ የለም፤ ሳንድዊች ሰጧት።
አጥሩ ጋ የቆመውን ሰው ግን በየኩርባው
ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አየሁት።

ማታ ጎተራው ውስጥ፣ ብቻውን መስሎት፣
ኦልድሪህ ጥርሱን ነክሶ እግሩን አሻገረ፤ ወጣበት።
በድሮ ቁመቱ ቢሆን የእግሩ ጣት እንኳ መሬት አይደርስም፣
ያ የታመመ ጉልበቱ ችሎ አያቆመውም።
ያሳጠርነው ለአስፋልት ነበር። እሱን ማን አስቦት!
ሁለቱም ጫማዎቹ ወለሉ ላይ አረፉ፣ በሙሉ፣ እስከ ተረከዛቸው።

በሩ ጋ መቆሜን አወቀ። ዞር ሳይል፣
ጉማጆቹን እየጨበጠ፣ እየለቀቀ፣
«ቤንዚን አለው?» አለኝ።